ስለ አንድ የምኒልክ ብር

ከአያታችን ወደ እናታችን፥ ከእናታችንም ወደ እኔና ወደ ታላቅ እኅቴ የወረደ አንድ የምኒልክ ብር አለን። መሬት ለሁለት ይከፈላል፤ አንድ ብር ግን አይከፈልምና፥ ገርጂ በኪራይ በምንኖርበት ቤት በእኅቴ ሣጥን ውስጥ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ ይኖራል። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ለጥምቀትና ለፋሲካ፥ ይወጣል፤ እኅቴም እናታችን ታደርገው እንደ ነበረ በአመድና በሎሚ አሽታ ካበራችው በኋላ መልሳ ትቋጥረዋለች።

በዚህ ዓመት በዐቢይ ጾም መግቢያ የቤቱ ባለቤት ኪራዩን ጨመረብን። በቶሮንቶ የሚኖረው የእኅቴ ልጅ ይህን በሰማ ጊዜ በስልክ እንዲህ አለኝ፤ «ጋሼ፥ ያ የአያታችሁ ብር አሁንም አለ? እዚህ የገንዘብን ደረጃ እየመረመሩ የሚመሰክሩ ባለሙያዎች አሉ። አስመርምረን ብንሸጠው ለኪራዩ ይረዳችኋል። የሚመጣ መንገደኛ ፈልግና በኪሱ ይዞልኝ ይምጣ።»

እውነቱን ለመናገር ነገሩ ደስ አሰኘኝ። በዚያው ሌሊት ብሩን ከመብራት ሥር አስቀምጬ እንደ አዲስ ተመለከትሁት። በአንድ ወገን ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፥ በሌላው ወገን ሰንደቅ የያዘው አንበሳ አለ፤ ዓመቱም በግእዝ ቍጥር 1887 ነው። በ1892 እና በ1895 ዓመት በተጻፈባቸው ብሮች ላይ አንበሳው የቀኝ እግሩን ሲያነሣ፥ በእኛው ላይ ያነሣው የግራውን ነው። ብሩ በፓሪስ የገንዘብ መሥሪያ ቤት ተሠርቶ የመጣ ነው፤ ክብደቱም 28 ግራም ከጥቂት እንዲሆን የተወሰነው፥ በአገራችን ገበያ የለመደው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በዚያው ልክ ስለ ነበረ ነው። የሆነ ሆኖ ነጋዴው አዲሱን ብር ቶሎ አልተቀበለውም፤ ብዙ ዘመን ጠገራውን ይመርጥ ነበር።

እንዲያውም ደረጃ መመርመር ለእኛ አገር እንግዳ ሥራ አይደለም። የጥንቱ ገበያተኛ ጠገራ ብር ሲቀበል ዝም ብሎ አይቀበልም፤ በንግሥቲቱ የራስ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቍዎች ይቈጥር፥ የትከሻዋም ጌጥ ጠፍቶ እንደ ሆነ ይመለከት ነበር። ዕንቍው ካልታየው ብሩን ይመልሳል፤ ባለ ብሩ ቢቈጣም አይሰማውም። ልዩነቱ፥ ያ ሰው የሚመረምረው ብሩን መልሶ ሊገዛበት ነው።

የዛሬዎቹ መርማሪዎች ሥራ ሌላ ነው። ዊልያም ሼልደን የሚባል አሜሪካዊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ለአገሩ የጥንት ሳንቲሞች ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ አወጣ። በዚያም መለኪያ እየሠሩ በአሜሪካ ፒ ሲ ጂ ኤስ በ1986፥ ኤን ጂ ሲ በ1987 የሚባሉ ድርጅቶች ተቋቋሙ፤ ገንዘቡን መርምረው ሐሰተኛ አለመሆኑን መስክረው፥ ቍጥር ሰጥተው በማይከፈት ጥርት ባለ ፕላስቲክ ያሽጉታል። የካናዳ ሰዎች ለገዛ ገንዘባቸው ይህን ማድረጋቸው አይገርምም። በ1911 የተሠራው የካናዳ የብር ዶላር የሚታወቀው ሁለት ብቻ ነው፤ እንዲህ ላለው ምስክር ቢፈለግለት ምን ይደንቃል? በእኛም ከተማ የምኒልክን ብር አስመስለው የሚያቀልጡ አሉና፥ ሩቅ ያለ ገዢ ያለ ምስክር አያምንም። ስለዚህ የእኅቴን ልጅ አሳብ ከንቱ ነው አላልሁም።

ከሳምንት በኋላ ግን መልሶ ደወለ። «ጋሼ፥ የገንዘብ ነጋዴዎቹን ጠይቄ ነበር። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁኝ፥ ታጥቦ ያውቃል ወይ ብለው ነው።»

ይህን ለእኅቴ ብነግራት ተቈጣች። «ምን ያለ ጥያቄ ነው? ዝጎና ጠቍሮ እንዲመጣላቸው ይፈልጋሉን?» አለች። በእውነትም የሚፈልጉት እንዲሁ ነው። ብር በዕድሜው የሚለብሰውን ጥቍረት እንደ ልብስ ይቈጥሩለታል፤ የታሸ ብር ግን ፊቱ እንደ ተፋቀ ነውና ቍጥር ይነፍጉታል፤ «የጸዳ» ብለው ጽፈው ይመልሱታል። በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሦስት ሴቶች እጅ፥ ስንት ዓመት እንደ ታሸ እኔ ልቈጥረው አልቻልሁም።

ወደ ፒያሳ ወርጄም ለአንድ አንጥረኛ አሳየሁት። ሚዛን ላይ ቢያስቀምጠው ከ27 ግራም ጥቂት አለፈ። ቀጥሎም በጥፍሩ ከዘውዱ በላይ ያለውን ጠርዝ እየዳሰሰ፥ «እዚህ ላይ ማንጠልጠያ ተበይዶ ነበር፤ በኋላ ተነሥቷል» አለኝ። እኔ ይህን ከቶ አላውቅም ነበር። እኅቴን ብጠይቃት፥ «አያታችን በአንገቷ ታስረው ነበር፤ ማንጠልጠያውን ያስነቀለችው ባሏ የሞተ ጊዜ ነው» አለች። እስከዚያ ቀን ለምን እንዳልነገረችኝ ብጠይቃት፥ አልጠየቅኸኝም አለች። ይህንንም መርማሪ ቢያየው ጕድለት ብሎ ይጽፈዋል።

እንግዲህ ቍጥር የማያገኝ ብር አስመርምሮ ለምርመራው፥ ለመላኪያውና ለዋስትናው ገንዘብ መክፈል ምን ይጠቅማል? ምስክርነቱን ብቻ ማግኘት ነው። ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቍጥር 209 የወርቅ፥ የብር፥ የነሐስና የመዳብ ገንዘቦችን ከሚንቀሳቀሱ ቅርሶች ቈጥሮ፥ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ አዝዟል። ቤታችን ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ነውና ሌሊት የሚነሡት አውሮፕላኖች መስኮታችንን ያንቀጠቅጡታል፤ አንድ መንገደኛ በኪሱ ይዞት ቢሄድ ማን ያየዋል ብዬ ማሰቤን አልክድም። ሁለት ሌሊት አሰብሁት። ነገር ግን የሚያዘው መንገደኛው እንጂ እኔ አይደለሁም፤ ለሰው ልጅ አደራ ብዬ እስራት ማስያዝ አልወደድሁም።

ለእኅቴም ልጅ ብሩ እንደማይመጣ ነገርሁት። ትንሽ ዝም አለና፥ «እንግዲያው ኪራዩን እንዴት ታደርጋላችሁ?» አለኝ። ከሐምሌ በፊት አነስ ወዳለ ቤት እንዛወራለን አልሁት፤ ወደ ጃክሮስ በኩል አንድ አይተናል፥ ክፍሉ ግን ሁለት ብቻ ነው።

የፋሲካ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ እኅቴ ጨርቁን ፈትታ፥ አመዱን በሳሕን፥ ሎሚውንም ለሁለት ቈርጣ በአጠገቧ አድርጋ አገኘኋት። ብሩን ግን ገና አልነካችውም ነበር።

«ልሸው ወይስ ልተወው?» አለችኝ።

እኔም ምን እንደምላት ጠፋኝና ከአጠገቧ ተቀመጥሁ። ብሩን አንሥታ በአውራ ጣቷ ጠርዙን ፈለገች፤ የማንጠልጠያውንም ቦታ ስታገኝ እጄን ስባ አስዳሰሰችኝ።