ቋሚ አድራሻ

አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቤት የሚፈለገው በቁጥር አይደለም። ቁጥሩስ በየበሩ ላይ ተቀብቷል፤ እኛ ግን «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፎ፣ ሰማያዊው በር» እንላለን። ወፍጮ ቤቱ ቢፈርስም «ወፍጮ ቤቱ የነበረበት» ብለን እንቀጥላለን። ኮምፒዩተሮች ይህን ዘዴ አልታደሉም። እነርሱ ዘንድ ቁጥሩ ከተለወጠ ቤቱ የለም።

እኛ ቤት ነገሩ የከበደው በአባቴ ላይ ነው። እኔ ክፍል ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የእናቴ ድምፅ ከአሮጌ ካሴቶች ተገልብጦ ተቀምጧል። አባቴ ማታ ማታ ሳሎን ባለችው ትንሽ ኮምፒዩተር ላይ አንዲት ምልክት ተጭነው ያዳምጡታል። መብራት ሄዶ በመጣ ዕለት ግን ምልክቷ ዝም ትላለች። «ዛሬም የለችም» ይሉና መነጽራቸውን ያወልቃሉ።

ድምፁ የትም አልሄደም። ኢንተርኔቱን ለቤቱ የሚያካፍለው ራውተር ለየመሣሪያው ቁጥር የሚያድለው በኪራይ ነው፤ የሙያው ሰዎችም የሚጠሩት በዚሁ በኪራይ ስም ነው። መብራት ሲጠፋ ብዙው ራውተር ለማን ምን እንዳከራየ ይረሳል። ዳግም ሲነሣ ለመጣው ሁሉ እንደ አመጣጡ ያድላል። ትናንት የኮምፒዩተሬ የነበረው 192.168.1.101 ዛሬ የአንዳችን ስልክ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የአድራሻ ሥርዓት ያሉት ቁጥሮች 4.3 ቢሊዮን አይሞሉም። እጥረቱ አስቀድሞ ስለታየ በ1996 በወጣ ደንብ በ192.168 የሚጀምሩት ለግቢ ውስጥ ብቻ ተለዩ። ጎንደር ያለ ቤትና ዋሽንግተን ያለ ቤት አንድ ቁጥር ቢይዙ አይጋጩም፤ ቁጥሩ ከበር አይወጣምና። በ2011 ደግሞ የዓለሙ ማዕከላዊ ቋት ባዶ ሆነ።

ኮምፒዩተሬን ከተከራይነት ለማውጣት የሚሞሉት አራት መስመሮች ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ ቁጥሩ ነው። ራውተሩ ከ100 እስከ 199 ያለውን ስለሚያከራይ እኔ ከዚያ ውጭ ያለውን 192.168.1.20 መረጥሁ፤ አለዚያ አንድ ቀን ሁለት ባለቤት ያለው ቤት ይሆናል። ሁለተኛው 255.255.255.0 ሲሆን ሰፈሩ የት ላይ እንደሚያበቃ ይናገራል። ሦስተኛው የግቢው በር፣ ማለትም የራውተሩ የራሱ ቁጥር 192.168.1.1 ነው፤ እርሱ ከጎደለ ከጎረቤት ጋር ማውራት ይቻላል፣ ወደ ውጭ መውጣት ግን የለም። አራተኛው ስምን ወደ ቁጥር የሚፈታው አገልጋይ አድራሻ ነው። በመጨረሻ የአባቴን ምልክት ወደ 20 አዞርሁ።

ኮምፒዩተሩ ለራሱ 101ም ሆነ 104 ቢባል ሥራው አይጓደልበትም ነበር። የሚጎዳው ፈላጊው ነው። ከኪራይ ቤት ወደ ኪራይ ቤት በምንዞርበት፣ ሰፈሩም በላያችን ላይ በሚፈርስበት ከተማ፣ ቋሚ አድራሻ የባለቤቱ ክብር ይመስለን ነበር። ይልቁንስ እንደ አባቴ አንድ መንገድ ብቻ ለሚያውቅ ሰው የተገባ ቃል ነው።

ቃሉ ግን ዘላለማዊ አይደለም። ራውተሩ ሲለወጥ በ192.168.0 የሚጀምር ሰፈር ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም እንደገና ይሞላል። ስለዚህ አራቱን መስመሮች በወረቀት ጽፌ ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ለጥፌያለሁ። እኔ በሌለሁበት ቀን አባቴ ጎረቤት ጠርተው ያስነብቡታል።