ማተቡ ሲጠብ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አበው። በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩት እናት ግን ተረቱን ለሌላው ሲነግሩ ኖረው ለራሳቸው ረሱት።

የልባቸው ምት እየዘገየ ስላስቸገራቸው ከስድስት ዓመት በፊት በግራ ደረታቸው ላይ ፔስሜከር ተተክሎላቸዋል። ባለፈው ዐቢይ ጾም ለስግደት ጎንበስ ባሉ ቁጥር ፊታቸው ደም ይሞላል፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል። ግራ እጃቸው አብጦ ቀለበታቸው አልወጣ አለ። የማኅበሩ ሴቶች ግን «እትዬ፣ ፊትዎ ሞላ፤ አገሩ ተስማማዎት» ይሏቸው ነበር። እሳቸውም ሌሊት ፓርኪንግ የሚሠራውን ልጃቸውን ላለማስጨነቅ ዝም አሉ። አንድ ቀን «ይኼ ማተብ አነቀኝ፤ ረዘም ባለ ክር ለውጥልኝ» አሉት። «እማዬ፣ ክሩ እኮ ያው ነው፤ የወፈረው አንገትሽ ነው» አለና ይዟቸው ሐኪም ቤት ሮጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፔስሜከሩ ሽቦ ወደ ልብ የሚደርሰው በደም ሥር ውስጥ አልፎ ነው። ከጊዜ በኋላ ሽቦው የነካው ግድግዳ ጠባሳ ያወጣል፤ ደም ይረጋበታል፤ መንገዱ ይጠባል። ብዙ ሰው ላይ ደሙ በትናንሽ ደም ሥሮች አቋርጦ ስለሚያልፍ አይታወቅም። የራስና የእጅን ደም ወደ ልብ የሚመልሰው ትልቁ ደም ሥር ሲዘጋ ግን ፊትና አንገት ያብጣሉ።

ሐኪሞቹ ደም ማቅጠኛ ጀመሩላቸው። ቀጥሎም አሮጌውን ሽቦ በሌዘር ከጠባሳው ለይቶ ማውጣት፣ ደም ሥሩን በፊኛ መክፈትና ስቴንት ማስገባት እንደሚሻል ነገሯቸው። ሽቦው ሳይወጣ ስቴንት ቢገባ ከግድግዳው ጋር ይጣበቅና በኋላ ለማውጣት ያስቸግራል። ደም ሥሩ ሊቀደድ እንደሚችልም አልደበቁም።

እናት «መኪናውን አውጡልኝና ልሙት» አሉ። ሐኪሙም በ1958 ስቶክሆልም ውስጥ መጀመሪያ ፔስሜከር የተተከለለት አርነ ላርሰን ከ20 በላይ መሣሪያ እየቀየረ እስከ 2001 መኖሩን አጫወታቸው። ፈርመው ገቡ።

ሽቦው ወጣ፤ ደም ሥሩ ተከፈተ። በምትኩ ከ2016 ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀደው ሽቦ አልባ ፔስሜከር በጭናቸው ደም ሥር አልፎ ልባቸው ውስጥ ተቀመጠ። ለሁሉም ሕመምተኛ አይሆንም፤ ለእሳቸው ግን ሆነ።

ዛሬ ይሰግዳሉ። ማተቡም ያው የድሮው ክር ነው። የማኅበሩ ሴቶች «ከሱ» ሲሏቸው እየሳቁ «ፔስሜከር ያለው ሰው ፊቱ ሲሞላ አትመርቁት፤ ሐኪም ቤት ውሰዱት» ይላሉ።