የሰኔ በረዶ በቡራዩ

በረዶ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ወሬውን በእጁና በቅንድቡ ይቀጥላል። ከቡራዩ ወደ ገፈርሳ ግድብ ወጣ ብሎ፣ ዘመዶቼ ማሳ ዳር ባለው ቤታቸው የክረምቱ የመጀመሪያ ከባድ በረዶ ሲወርድ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንን ነው። አክስቴ ጀበናውን አንስታ ቅንድቧን ከፍ ታደርጋለች፤ «ልድገምህ?» ማለቷ ነው። እኔ ስኒዬን በመዳፌ እከድናለሁ፤ «ይበቃኛል» ማለቴ ነው። እሷም መዳፌን በጣቷ ገለል አድርጋ ትቀዳለች፤ ለነገሩ ድምፅ ቢሰማም ከዚህ የተለየ ነገር አይሆንም ነበር።

ማገዶ የሚቀመጥበት አሮጌው ሳር ቤት ውስጥ ግን በረዶው እምብዛም አይሰማም፤ ሳሩ ይውጠዋል። በበሩ ሲያዩ ከብቶቹ ለነፋሱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቆማሉ፤ ዶሮዎቹ ጎተራው ሥር ተጠጋግተው ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ። በረዶው ሲያባራ ባሕር ዛፉ ይሸታል፤ ቅጠሉ ተቀጥቅጦ መሬት ላይ ስለሚነጠፍ መንደሩ በሙሉ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠንበት ቤት ይመስላል። ሰዎቹ ግን ጣሪያው ዝም ማለቱን ሳያስተውሉ ለጥቂት ጊዜ እየጮኹ ያወራሉ።

ያኔ ልጆቹ ሳህን ይዘው ይወጣሉ። አንዱ ይልሳል፣ አንዱ የወንድሙ አንገትጌ ውስጥ ይጨምራል፣ አያታቸው ከውስጥ ሆነው «ኋላ ጉሮሮዬን እንዳትሉኝ!» ይላሉ። ትልቁን መርጦ በጥርሱ የሰነጠቀ ልጅ ውስጡ ንብርብር መሆኑን ያያል። ከደመናው ሥር ወደ ላይ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ የረጋውን ጠብታ እያነሳ ውሃ ያለብሰዋል፣ የለበሰውም ይረጋል፣ እንዲህ ሲደራረብ ቆይቶ ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወርዳል። ቆላ ቢሆን መሬት ሳይነካ በመንገድ ይቀልጥ ነበር፤ ቡራዩ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ ደጋ ስለሆነ የሚቀልጥበት መንገድ ያጥርበታል። የኬንያዎቹ የኬሪቾ ሻይ ገበሬዎችም፣ ከምድር ወገብ አጠገብ እየኖሩ፣ በበረዶ ብዛት የሚታወቁት ደገኞች ስለሆኑ ነው።

እኛ በእርግጥ የፈረንጅ አገሩን፣ እንደ ጥጥ ብናኝ ቀስ ብሎ የሚወርደውን አመዳይ ለማየት ወደ ስሜን ተራራ መውጣት አለብን። አንድ የአክሱም ንጉሥ በግሪክኛ ያስቀረጸው፣ ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ ላይ የገለበጠው ጽሑፍ፣ የስሜን ተራሮች አመዳይ ሰውን እስከ ጉልበቱ እንደሚያሰጥም ይናገራል። ንጉሡ በድል ዝርዝሩ መካከል ቆም ብሎ የአመዳዩን ጥልቀት ማስቀረጹ ደስ ይለኛል፤ የእግሩን ብርድ ያልረሳ ሰው ነው። የቡራዩ በረዶ ነፋስ ያከማቸው ጥግ ላይ ቁርጭምጭሚት ቢደርስ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ ከልጆቹ ሳህን ቀድሞ ከሜዳው ያልቃል።

አጎቴ ግን በረዶውን በደስታ የሚያየው በወሩ ነው። በሰኔ መሬቱ ገና እየታረሰ ነው፣ ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ በረዶው የሚያገኘው ጓል ብቻ ነው። በመስከረም ገብሱ ካሸተ በኋላ ከመጣ ግን የዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት ይረግፋል። የሰኔ በረዶ አፈር ይመታል፣ የመስከረም በረዶ ጎተራ ይመታል። ስለዚህ አጎቴ በሰኔ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ነጭ የለበሰውን ማሳ እንደ ልጆቹ እያየ ይስቃል፤ «አሁን ይውረድ፣ ያለውን ሁሉ አሁን ይጨርስ» ይላል።

የጓሮው ጎመን ብቻ አይተርፍም። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ የተበሳሳውን ቅጠል ትለቅማለች፤ የተሻለው ለእራት ይቀቀላል፣ የባሰበትን ላሟ ትበላለች፤ ላሟም ከበረዶው ጋር እያላመጠችው ነው።