ማሽን ፍለጋ ድሬዳዋ

ልጄ በርና መስኮት የሚሠራበት አነስተኛ ወርክሾፕ አለው። ያገለገለ የላሜራ ማጠፊያ ማሽን ሊያይ ድሬዳዋ ሲወርድ እኔም ተከተልኩት። ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ስለ ብረት ብዙም ባላውቅ፣ ብረት ስለጨፈለቀው ጣት አውቃለሁ።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር አልፈን አሮጌውን ጣቢያ አየን። የባቡሩ ወርክሾፕ ብዙ ሙያተኛ ያፈራባት ከተማ ስለሆነች፣ ያረጀ ማሽን እዚህ አይናቅም።

ሻጩ ማሽኑን አስነሳ። ልጄ ረጅም ላሜራ አጥፎ አንግሉን በሁለቱ ጫፍና በመሀሉ ለካ፤ መሀሉ ከተለየ ማሽኑ ጎብጧል ማለት ነው። ልኩ እኩል ወጣ። የእኔ ዓይን ግን ፔዳሉ ላይ ነበር፤ መሸፈኛ የለውም። ዕቃ ቢወድቅበት ወይም ሰው ሳያስበው ቢረግጠው፣ የላይኛው ብረት እጅ ላይ ይወርዳል።

«አቦ እናቴ፣ ዋናው ማጠፉ ነው» አለኝ ሻጩ።

«ልጄ፣ የተጨፈለቀ ጣት እኮ እንደ ላሜራ ተመልሶ አይቃናም» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ መሸፈኛ በይዶ ሊገጥምለት ተስማማ።

ልጆቻችሁ ያገለገለ ማሽን ሲገዙ አብራችሁ ሂዱ። ዋጋውን እነሱ ይከራከሩ፤ ስለ ጣታቸው እናንተ ጠይቁ።