ከደመወዝ የወጣ ስጦታ

በእንግሊዝ አገር ሰው ሲሞት መንግሥት ከሀብቱ ድርሻውን ይጠይቃል፤ በመደበኛው ደንብ ከ325,000 ፓውንድ በላይ ካለው በመቶ 40 ይወስዳል። ሟቹ በመጨረሻዎቹ 7 ዓመታት የሰጠው ስጦታም ከውርሱ ጋር ሊቆጠር ይችላል። ይህ ባይሆን ኖሮ ሀብታም ሁሉ በሞት አልጋው ላይ ቸር በሆነ ነበር።

ይሁን እንጂ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 የወጣው የውርስ ግብር ሕግ በ21ኛው አንቀጽ አንድ በር ትቷል። ስጦታው የሰጪው የተለመደ ወጪ ከሆነ፥ ከዓመት ዓመት ሲታይ ከገቢው እንጂ ከጥሪቱ ያልወጣ ከሆነ፥ የቀረለትም ገቢ እንደ ልማዱ ለመኖር የሚበቃው ከሆነ፥ ሰጪው በማግሥቱ ቢሞት እንኳ ግብር አይነካውም። ለመጠኑም ወሰን አልተደረገለትም። በየወሩ ወደ አገር ቤት ገንዘብ ለሚልክ ሰው ይህ መልካም ወሬ ነው። ጭንቁ የሚመጣው ሰጪው ባለትዳር ሲሆን ነው።

እኔና ባለቤቴ ለንደን ስንኖር ደመወዛችን የሚገባው በአንድ የባንክ ሒሳብ ነው። ከዚያው የቤቱ ዕዳ ይከፈላል፤ ከዚያው የወንድሟ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ደሴ ይሄዳል። ማን ላከው ቢሉን፥ ቤቱ ላከው ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም። የእንግሊዝ ሕግ ግን ቤት የሚባል ሰጪ አያውቅም። ለዚህ ግብር ባልና ሚስት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ እርስ በርሳቸው የሚሰጣጡት አብዛኛውን ጊዜ ነፃ ሲሆን፥ ወደ ሦስተኛ ሰው የሚሄደው ግን ከማን ገቢ እንደ ወጣ ይጠየቃል።

በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ነገሩን በሌላ ፊት ያየዋል። ባልና ሚስት በትዳር ዘመን በጥረታቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ ከ100 ብር በላይ የሆነ የጋራ ሀብት በስጦታ ለመስጠትም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ለእኔ ይህ ይቀርበኛል፤ ነገር ግን የምኖረው በዚያኛው ሥር ነው።

ጥያቄው ደግሞ የሚቀርበው ሰጪው ከሞተ በኋላ ነው። የየዓመቱን ገቢና ወጪ ዘርዝሮ ፎርሙን የሚሞላው የውርሱ አጣሪ ሲሆን፥ እርሱም ብዙ ጊዜ ሐዘን ላይ የተቀመጠው የትዳር ጓደኛ ነው።

ስለዚህ ባለቤቴ የልጅቱን ገንዘብ ከራሷ ደመወዝ፥ በራሷ ስም በተከፈተ ሒሳብ እንድትልክ፥ በደብተርም እንድትጽፈው ለመንኋት። ሒሳቡን ለየች። ደብተሩን ግን እንቢ አለች፤ ለሥጋ ዘመድ የተሰጠ አይቆጠርም ትላለች። የምጽፈው እኔ ነኝ፤ በየወሩ መጨረሻ፥ እርሷ ከተኛች በኋላ።