አንድ ስም ለሁለት

መንታ የወለደች እናት አሶሳ ገበያ ውስጥ አሥር እርምጃ እንኳ ሳትቆም መሄድ አትችልም። አንዱ «የትኛው ነው ታላቁ?» ይላታል፤ ሌላዋ «ሲያለቅሱ እንዴት ነው የምትለያቸው?» ትላታለች፤ ሦስተኛው ምንም ሳይል ዓይኑን ከአንዱ ወደ አንዱ ያመላልሳል። እናቲቱ ለሁሉም ያላት መልስ አንድ ነው፤ «እናት እንዴት ይጠፋታል!» እናት አይጠፋት ይሆናል። መምህር ግን ይጠፋዋል። ይህን የምለው ማንንም ለማማት አይደለም፤ ስለ ራሴ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ አሶሳ ውስጥ አማርኛ አስተምር ነበር። ያን ጊዜ ነቀምትን፣ ጊምቢንና መንዲን አልፎ እዚያ ለመድረስ አውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጅበት ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ራሴንም ደራሲ አድርጌ እቆጥር ነበር። አዲስ ለመጣ መምህር ማንም የማይፈልገው ሥራ ይሰጠዋልና የድራማ ክበቡ ለእኔ ደረሰ። የክበቡ ንብረት አንድ ከበሮና አንድ የተቀደደ መጋረጃ ነው። መድረካችን ከማንጎ ዛፎቹ ሥር ያለው ደልዳላ ቦታ፣ የልብስ መቀየሪያችን ደግሞ ተማሪዎች በቀርከሃ ያጠሩት ጓዳ ነበር። ልጆቹ ግማሾቹ በቤታቸው የቤርታን ቋንቋ፣ አንዳንዶቹ ዓረብኛ፣ ሌሎቹ የወሎን አማርኛ ይናገራሉ። መድረክ ላይ ሲወጡ ግን ሁሉም የሬዲዮ ዜና አንባቢ ይሆናሉ። ይህን ማስተው ራሱ አንድ መንፈቅ ፈጀብኝ።

መንታዎቹ ከወሎዎቹ ወገን ናቸው። ወላጆቻቸው በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ በሰፈራ ከመጡት ውስጥ ነበሩ። ልጆቹ አራተኛ ክፍል ናቸው፤ ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ከሲታ፣ ሁለቱም የፊት ጥርሳቸው ገባ ያለ። ተማሪው ሁሉ ሁለቱንም «መንቴ» ነበር የሚላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። አንዷ ፈቅዳልኛለች፤ ሌላይቱን አልጠየቅኋትም፤ የአንዷን ስም ብቻ መጻፍ ደግሞ ያን ጊዜ የሠራሁትን ጥፋት መድገም ነው።

ነገሩ የተጠነሰሰው ቪዲዮ ቤት ነው። ቅዳሜ ማታ በሃምሳ ሳንቲም ገብቼ ያየሁት «ኢት ቴክስ ቱ» የተባለ እ.ኤ.አ. በ1995 የተሠራ የአሜሪካ ፊልም ነበር። አንዷ የወላጅ አልባዎች ማሳደጊያ ልጅ፣ አንዷ የባለጸጋ ልጅ፤ መልካቸው አንድ ሆኖ ቦታ ይለዋወጣሉ። የሚጫወቱት ሜሪ ኬትና አሽሊ ኦልሰን የተባሉ መንታ እህትማማቾች ናቸው። ከቪዲዮ ቤቱ ስወጣ ድርሰቴ በጭንቅላቴ ውስጥ አልቆ ነበር።

የድርሰቱ ታሪክ ተራ ነው፤ በሥራ ብዛት ከትምህርት የቀረች ልጅ ታሪክ። ተንኮሉ ግን ሌላ ነው። ልጅቱ ጄሪካን ተሸክማ በግራ በኩል ትወጣለች፤ እግሯ ከመድረኩ ሳይጠፋ በቀኝ በኩል ደብተር ይዛ ትገባለች። ምንም መብራት፣ ምንም ማሽን የለም። የወላጆች ቀን ሲታይ አንድ አዛውንት «አዑዙ ቢላህ» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ በኋላ ሳቁና ጭብጨባው!

ተመልካች በደስታ የሚታለልበት ቦታ ቢኖር ትያትር ነው። እኛም አገር ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር በነበረበት ዘመን አባባ ተስፋዬ የሴት ልብስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር፤ እኒያው አባባ ተስፋዬ ኋላ በቴሌቪዥን ለአርባ ዓመታት ያህል የአገሩን ልጅ ሁሉ ተረት ሲያስሰሙ ኖሩ። ሼክስፒርም የመንታ ልጆች አባት ነበር፤ በመንታዎች መሳሳት ላይ ከአንድም ሁለት ድርሰት ጽፏል። እንግዲህ እኔም ከእነዚህ ተርታ የገባሁ መስሎኝ ነበር።

ማታለሉ እንዲሠራ ግን ልጅቱ አንዲት መሆን ነበረባት። ስለዚህ ድርሰቱ ወደ ከተማው አዳራሽ ሲጋበዝ፣ በታዳሚው እጅ በሚሰጠው ወረቀት ላይ በዋናዋ ገጸ ባሕርይ አንጻር የጻፍኩት የአንዷን ስም ብቻ ነበር፤ የታላቅየዋን። ታላቅየዋ የሆነችው በሃያ ደቂቃ ነው። ታናሽየዋ ተራዋ እስኪደርስ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ትላለች፤ እንዳትታይ ነጠላ እንከናነባታለን፤ ሲያልቅም ለእጅ መንሻ የሚወጡት ሌሎቹ ናቸው። «ምስጢር ነው፤ አይደል?» እላት ነበር። ራሷን ትነቀንቃለች። የአሥር ዓመት ልጅ መምህሩ ምስጢር ሲለው የማይነቀንቀው ምን ራስ አለ?

በዚያ ቀን ከእኛ በፊት መድረኩን የያዙት የቤርታ የሙዚቃ ጓዶች ነበሩ። የሚነፉት ከቅል ቁርጥራጭ እየተገጣጠመ የሚሠራ ረጃጅም መሣሪያ ነው፤ ስሙ ዋዛ ይባላል፤ ነገሩ ግን ዋዛ አይደለም። እያንዳንዱ ነፊ ያለው ድምፅ ኢምንት ነው፤ ዜማው የሚወጣው አንዱ ሲያቆም ሌላው እየተቀበለ ነው። አንድ ሰው ቢቀር ዜማው ላይ ቀዳዳ ይሰማል። ይህን ሁሉ ከታናሽየዋ ጎን ቁጭ ብዬ፣ ነጠላዋን እያስተካከልኩላት ሰማሁ። ምንም አልገባኝም።

ሰርተፊኬት ተሰጠ። በአንድ ስም።

ከወር በኋላ ድርሰቱ ሊደገም ሲል ታላቅየዋን ወባ ጣላት። ልሰርዘው ነበር፤ ታናሽየዋ ግን ሙሉውን ታውቀዋለች፤ ብቻዋን እጫወተዋለሁ አለች። መጥፋትና መገለጡን አወጣሁት። ተጫወተችው። ልክ ነው፣ ያን ቀን ማንም ከመቀመጫው አልተነሣም፤ ነገር ግን ልጅቱ ጄሪካኑን አስቀምጣ እናቷን የምታናግርበት ቦታ ላይ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ከኋላ ወንበር ሲያለቅሱ ሰማሁ። ስትወጣ ላቧን እየጠረገች፣ «ቲቸር፣ ዛሬስ በማን ስም ነው?» አለችኝ።

እኔም «ወረቀቱ ታትሟል እኮ» አልኳት።

ይህችን መልስ ብዙ ዓመት ረስቻት ኖሬአለሁ። ያስታወሱኝ እነዚያው የቪዲዮ ቤቱ ኦልሰኖች ናቸው። ስለ እነሱ ማንበብ የጀመርኩት ለመዝናናት ነበር። የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። በዓመቱ በጀመረው «ፉል ሃውስ» በተባለው ተከታታይ ድራማ ሚሼል የምትባለውን ሕፃን እየተፈራረቁ መጫወት ሲጀምሩ ገና በእቅፍ ነበሩ። መንታ የተፈለገበት ምክንያት ሕግ ነው። በካሊፎርኒያ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን በቀን ከ20 ደቂቃ በላይ ሊሠራ አይችልም፤ ከስድስት ወር እስከ ሁለት ዓመት ያለው ደግሞ ከሁለት ሰዓት አያልፍም። ሕፃኑን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ነው፤ አምራቾቹም መላ አገኙለት፤ ሁለት ሕፃን ቢቀጥሩ ሰዓቱ እጥፍ ይሆናል። አንዷ ስታለቅስ ሌላይቱ ትገባለች።

ልቤን የነካው ግን የስማቸው ነገር ነው። በድራማው የተዋንያን ዝርዝር ላይ ለዓመታት የተጻፈው የሁለት ልጆች ስም አልነበረም። «ሜሪ ኬት አሽሊ ኦልሰን» ተብሎ እንደ አንዲት ስመ ረጅም ልጅ ነበር የሚወጣው፤ ተመልካቹ ሁለት መሆናቸውን እንዳያውቅ። ሁለት ሰዎች ሆነው የተጻፉት ድራማው በ1995 ሊያበቃ ሲል ነው። ከእነሱም በፊት «ሊትል ሃውስ ኦን ዘ ፕሬሪ» በተባለው ድራማ የተጫወቱት የግሪንቡሽ መንታዎች፣ ሊንድሲና ሲድኒ፣ «ሊንድሲ ሲድኒ ግሪንቡሽ» ተብለው በአንድ ስም ተጠቅልለዋል። ይህን ባነበብኩበት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም ብል ማጋነን ይሆናል፤ ወሰደኝ፤ ግን በማግስቱ የድሮ ወረቀቶቼን ሳገላብጥ ዋልኩ።

እርግጥ እነዚያ በገንዘብ ተክሰዋል። ኦልሰኖቹ ሰባት ዓመት በሞላቸው ዓመት ዱዋልስታር የተባለ የራሳቸው ኩባንያ ተቋቋመላቸው፤ ካደጉ በኋላ በ2006 «ዘ ሮው» የተባለ የልብስ ሥራ መሠረቱ፤ ኋላም ትወናውን ተዉት። የልጅነት ድራማቸው በ2016 በአዲስ መልክ ሲመለስ የድሮ ጓደኞቻቸው ተሰበሰቡ፤ እነሱ አልተመለሱም። ዲላንና ኮል ስፕራውስ የተባሉት ወንድማማቾችም በ1999 በወጣው «ቢግ ዳዲ» ፊልም ላይ አንድን ልጅ ለሁለት ተጫውተዋል። አድገው ሁለቱም ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ኮል አርኪዮሎጂ አጥንቶ ወደ ትወናው ተመለሰ፤ ዲላን ደግሞ በ2018 ብሩክሊን ውስጥ ምን ቢከፍት ጥሩ ነው? ጠጅ ቤት! የማር ጠጅ ጥሎ የሚሸጥበት። እኛ አገር ቢሆን «በተዋናይነቱ ሳይሳካለት ቀርቶ» ይባል ነበር። እኔ ግን ነገሩ ወንድሙ የሌለበት ሙያ መፈለግ ይመስለኛል፤ ልሳሳት እችላለሁ።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ አሶሳ ሄጄ ነበር። ከተማዋ ሰፍታ መንገዱ ጠፋኝ። ሻይ ልጠጣ ከአንድ ማንጎ ሥር እንደተቀመጥኩ አንዲት ሴትዮ «ቲቸር!» ብላ መጣች። ጥርሷን አየሁና ልቤ ዘለለ። «አንቺ...» ብዬ ቀረሁ።

«ይገምቱ» አለችኝ።

አልገመትኩም። ታናሽየዋ መሆኗን ራሷ ነገረችኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ትሠራለች፤ ሦስት ልጆች አሏት። እህቷ አዲስ አበባ ነች። ሰርተፊኬቱ ከእናታቸው ቤት ግድግዳ ላይ በመስታወት ውስጥ ተሰቅሎ ኖሮ፣ እናታቸው ሲያርፉ እህቷ ወሰደችው። «ስሟ ነው ያለበት፤ ምን ልበል?» አለች። ይቅርታ ልጠይቃት ጀመርኩ፤ ከዓመታት በፊት ያዘጋጀሁት ረጅም ይቅርታ ነበር። ስለ ኦልሰኖቹም ጨመርኩበት። እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝና ሳቀች።

«ቲቸር፣ እርስዎ እኮ ያን ጊዜም አያውቁም» አለችኝ። «አዳራሹ ቀን፣ ሰርተፊኬቱ የተሰጠ ቀን፣ ተቀያይረን ነበር። ነጠላውን ተከናንባ ከጎንዎ የተቀመጠችው እሷ ናት።»

«እንግዲያው ሰርተፊኬቱን የተቀበልሽው...»

«እኔ ነኛ! በእሷ ስም። እሷም እቤት ስንደርስ ቀማችኝ።»

ወባ የያዛት ቀንስ፣ ብዬ ጠየቅኋት፤ ያን ቀን ብቻዋን ተጫውታ አዳራሹን ያስለቀሰችው፣ በማን ስም ነው ብላ የጠየቀችኝ፣ እሷ ነበረች ወይስ... የሻይ ብርጭቆዋን በጣቷ እያዞረች ትንሽ አሰበች።

«ወባውስ የያዘው ማንን ነበር?» አለች። ከዚያ ሰዓቷን አይታ ተነሣች፤ የሁለታችንንም ሒሳብ ከፈለች።