ፀሐይ በስንት ዓይነት ትጻፋለች?

ጋዜጠኝነት ተምረን ዱከም ላይ የሠራተኛ ስም ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። አትሳቁ! ከተማችን የፋብሪካ ከተማ ናት። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን እዚሁ ነው፤ የቻይናው ጫማ አምራች ሁዋጂያንም በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው እዚሁ ነው። እኛ ያለንበት ሌላ ነው፤ ስሙን ተዉት። ከአርሲ፣ ከወሎ፣ ከደቡብ ወጣቱ ይመጣል፤ ሁሉም ስሙን ይዞ ይመጣል። ጣጣውም ከስሙ ይጀምራል።

አንዲት ልጅ ያልተከፈላት የትርፍ ሰዓት ሒሳብ አለ ብላ መጣች እንበል። ስሟንም ፀሐይ ኃይሉ እንበለው። ልጅቷ ፊታችን ቆማለች፣ ኮምፒውተሩ ግን «የለችም» ይላል። ለምን? እስኪ አብረን እንቁጠር። መነሻዋ «ፀ» ወይም «ጸ» ነው፤ ሁለት። መካከሏ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ ስድስት። ሁለት በስድስት 12። የአባቷ ስም መነሻም እንዲሁ ስድስት መልክ አለው። 12 በስድስት 72! ለጆሮ አንዲት ሴት፣ ለማሽኑ 72 ሴቶች። ቅጥር የመዘገበው አንዱን ጽፏል፣ ደመወዝ የሚሠራው ሌላውን። ልጅቷ ደግሞ የቤት ኪራይ አለባት።

የፈረንጆቹ ዳታቤዞች ለዚህ መላ አላቸው። ፖስትግሬስኪውኤል ስምን በድምፁ የሚፈልጉ ሶውንዴክስና ሜታፎን የሚባሉ መሣሪያዎች አሉት። ግን የራሱ መመሪያ እንደሚለው በዩኒኮድ ዩቲኤፍ 8 ለተጻፈ ጽሑፍ በደንብ አይሠሩም። የእኛ ፊደል ደግሞ የሚጻፈው በዚያ ነው።

ዳንኤል ያዕቆብ ግን ይህንን ቀድሞ አስቦበታል። ሜታፎንን ለአማርኛ አጻጻፍ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2004 ጽሑፍ አውጥቷል፤ በፐርል ቋንቋም ፕሮግራሙን ሠርቶ ለሁሉም ለቋል። ደስ የሚለው ፖስትግሬስኪውኤል ፐርልን ሆዱ ውስጥ ያስገባል። ትንሿን ፕሮግራም ዳታቤዙ ውስጥ ታስቀምጧታላችሁ፣ ስም ትሰጧታላችሁ፣ ከዚያ ቅጥርም ደመወዝም ያቺኑ ይጠራሉ። ስቶርድ ፕሮሲጀር የሚሉት ነገር ይኸው ነው። ሕጉ አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ እያንዳንዱ ቢሮ የየራሱን ፊደል አይፈርድም።

«ሐን በሀ መተካት ብቻ ከሆነ ተራው ኤስኪውኤል አይበቃም?» ትሉ ይሆናል። ለዚያ ይበቃል። ግን ጫልቱስ? በቁቤ መነሻዋ «ሲ» ብቻ ናት። በእንግሊዝኛ ልማድ «ሲ» እና «ኤች» ይሆናል፤ እነዚያው ሁለት ፊደላት በቁቤ ሲነበቡ ግን «ቸ» ናቸው። «ይህ ከሆነ እንዲህ፣ ያ ከሆነ እንዲያ» እያለ የሚያመዛዝን ቋንቋ ያስፈልጋል። ፐርልና ፓይተን እዚህ ላይ ነው የሚረዱት። ልዩነት አላቸው፤ ፐርል ከአገልጋዩ ፋይሎች እንዳይደርስ ታጥሮ መሥራት ይችላል። ፓይተን ግን እዚያ ውስጥ አጥር የለውም፣ ስለዚህ በፓይተን እንዲጽፍ የሚፈቀደው ለዋናው አስተዳዳሪ ብቻ ነው።

የኮምፒውተር ባለሙያው ፐርሉን ያውቃል። የትኛው ፊደል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ግን እኛን ይጠይቃል። አራት ዓመት የተማርነው ከንቱ አልቀረም ማለት ነው!

አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቀን ተከራክረናል። ፕሮግራሙ የሚያወጣው የመፈለጊያ ቁልፍ ብቻ ይሁን፤ የሰውን ስም ግን አይንካ። ሠዓሊ ሥዕል ይሥላል፤ በእሳቱ «ሰ» ሲጻፍ በግዕዝ ለማኝ፣ ጸሎተኛ ነው። ፊደሉን አንድ ስናደርግ ሁለቱ ይደባለቃሉ። ሁለት የተለያዩ ሴቶችም አንድ ቁልፍ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ስለዚህ ማሽኑ «እነዚህ ይመስላሉ» ብሎ ያቅርብ፣ የአያት ስምና መታወቂያ አይቶ የሚወስን ሰው ይኑር። ያለዚያ የአንዷ ገንዘብ ለሌላዋ ይሄዳል።

ስማችሁን እንዴት እንደምትጽፉ እናንተ ታውቃላችሁ። ፈልጎ የማግኘት ዕዳው የዳታቤዙ ነው።